ለሰሌዳ የሚናገሩ ሥራ አስኪያጆች

ያገራችን ሥራ አስኪያጅ ምላስ የለውም እንዳንል ምላስማ አለው። ለጋዜጠኛ መግለጫ ይሰጣል፤ በሆቴል አዳራሽ ዎርክሾፕ ላይ ይናገራል፤ በድርጅቱ የምሥረታ በዓል ደግሞ ቲሸርትና ኮፍያ አድሎ «ትልቁ ሀብታችን ሠራተኛው ነው» ይላል። ለመሆኑ ያ «ትልቁ ሀብት» ከሥራ መባረሩን የሚሰማው ከማን ነው? ከዘበኛው! አሊያም ከማስታወቂያ ሰሌዳው።

ወረቀቷን የማያውቅ የለም። «ጉዳዩ፦ የሠራተኛ ቅነሳን ይመለከታል» ትላለች። ከሥር የስም ዝርዝር፣ ከዚያ በታች ክብ ማኅተምና የማይነበብ ፊርማ። አሥራ አምስት ዓመት ያገለገለ ሰው እንደ ሎተሪ ዕጣ ስሙን በጣቱ እየፈለገ ይቆማል። «ምን አጥፍቼ ነው?» ብሎ ቢሮ ቢሄድ ጸሐፊዋ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ትለዋለች። ከማን ጋር ነው ስብሰባው? ሠራተኛው እንደሆነ ውጭ ቆሟል!

እስቲ ሕጉን እንይ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 34 የሥራ ውል ማቋረጫ ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ሆኖ፣ ምክንያቱንና ውሉ የሚቋረጥበትን ቀን ገልጦ፣ ለሠራተኛው በእጁ ይሰጠው ይላል። ሰሌዳ ላይ የሚለጠፈው ሠራተኛው ካልተገኘ ወይም አልቀበልም ካለ ነው፤ ያውም ለ10 ተከታታይ ቀናት። ቅነሳ ከሆነ ደግሞ አሠሪው ከሠራተኛ ማኅበሩ ወይም ከሠራተኛ ተወካዮች ጋር መመካከር አለበት። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ተቀናሽም የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ ይገባዋል። እንግዲህ ሕጉ የመጨረሻ መላ ያደረገውን ሰሌዳ አለቆቻችን ብቸኛ አንደበታቸው አድርገውታል ማለት ነው።

«ምን ይደረግ፣ ገበያው ቀዝቅዞ ነው፣ ጥሬ ዕቃ ጠፍቶ ነው» ይሉናል። ይሁን! ድርጅት ይከስራል። መጋዘኑ ባዶ መሆኑን ግን ከሥራ አስኪያጁ ቀድሞ የሚያውቀው ሠራተኛው ነው። «አትክሰሩ» አላለም፤ «ፊት ለፊት ንገሩኝ» ነው ያለው። ቀደም ብሎ ቢነገረው ሌላ ሥራ ያፈላልግ፣ የቤት ኪራዩን ያስብ፣ ዕዳ ከመግባት ይቆጠብ ነበር። ማን ያውቃል፣ ወጪ የሚቀነስበትን መላ ይጠቁምም ነበር። የሚነግረው ሲጠፋ ግን በየሻይ ቤቱ ወሬ ይነግሣል፤ ያለውም የሌለውም ይወራል። ከዚያ አለቆቹ «ሠራተኛው አሉባልተኛ ሆነ» ብለው ያማርራሉ። ማን አደረገው?

በሽታው ከላይ የወረደ ነው። የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን በመዋቅር ማስተካከያው ፕሮግራም ላይ ቅሬታውን ቢያሰማ በ1987 ዓ.ም. መንግሥት ምዝገባውን ሰረዘ፤ ሊቀመንበሩ አቶ ዳዊ ኢብራሂምም በኋላ ለስደት ተዳረጉ። አሠሪዎች ከዚህ ምን ተማሩ? የሚናገርን ማኅበር ማነጋገር ሳይሆን ዝም ማሰኘት እንደሚቻል!

ዛሬ ደግሞ ዘመን መጣና ሰሌዳው ቴሌግራም ገባ። ማኅተሟ ያችው፣ «ለሚመለከተው ሁሉ» ያው፤ አስተያየት መስጫው ግን ተዘግቷል። አልሸሹም ዞር አሉ!

ክቡራን ሥራ አስኪያጆች! ሰሌዳ አይጠይቅም፣ አይከራከርም፣ አያለቅስም። የወደዳችሁትም ለዚሁ ነው። ከቢሯችሁ እስከ ፋብሪካው ወለል ሃምሳ እርምጃ ቢሆን ነው። ወርዳችሁ፣ ዓይን ዓይኑን እያያችሁ ንገሩት። ይህ ካቃታችሁ ግን «ትልቁ ሀብታችን» የሚለውን ቲሸርት አውልቁ፤ አላማረባችሁም።