ዳገቱን የወጣው ሰው



ከጥቂት ሳምንታት በፊት ከክፍል ወጥቼ ወደ መምህራን ማረፊያ ስሄድ፣ ብስክሌት የሚወድ አንድ ተማሪዬ ተከትሎኝ መጣና «ቲቸር፣ ሁሉም የሚያደርገው ከሆነ ማጭበርበር ይባላል እንዴ?» ሲል ጠየቀኝ። የጠየቀኝ ስለ ጣሊያናዊው ብስክሌተኛ ስለ ማርኮ ፓንታኒ ነበር። ደወል ሊደወል ስለነበር «አዎን፣ ይባላል» ብዬው አለፍኩ። መልሱ ስህተት አልነበረም፤ ግን ጎደሎ ነበር። የጎደለውን በዚህ ወር ዓምዴ ልሙላ። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በጥር 1970 የተወለደው ፓንታኒ ያደገው ቼሴናቲኮ በምትባል የአድሪያቲክ ባሕር ዳርቻ ከተማ ነው። አባቱ የቧንቧ ሠራተኛ ነበሩ፤ እናቱ ወይዘሮ ቶኒና ደግሞ ፒያዲና የሚባለውን ያገራቸውን ቂጣ ይሸጡ ነበር። ልጁ ቀጭን፣ ቁመቱ 1 ሜትር ከ72፣ ጆሮዎቹ ትልልቅ፣ ራሱ ገና በወጣትነቱ የተመለጠ ነበር። በጆሮው የተነሣ መጀመሪያ «ትንሹ ዝሆን» ይሉት ነበር፤ ኋላ መላጣውን በጨርቅ ማሰርና ሎቲ ማድረግ ሲጀምር «የባሕር ወንበዴው» አሉት።

ይህ ሰው የዳገት ሰው ነበር። ሜዳ ላይ ብስክሌተኞች አንዱ በሌላው ጀርባ ተጠልሎ ነፋሱን ስለሚያመልጥ ደካማውም ከብርቱው ጋር አብሮ ይገባል። ዳገት ላይ ግን ፍጥነት ስለሚቀንስ ጥላው ብዙም አይጠቅምም፤ እያንዳንዱ በገዛ ሳንባውና በገዛ እግሩ ይቀራል። ፓንታኒ ሌሎቹ በሚያቃስቱበት ቦታ ራሱ ላይ ያሰረውን ጨርቅ ፈትቶ ይወረውርና ከኮርቻው ተነሥቶ ይፈተለክ ነበር። ገና በ24 ዓመቱ፣ በ1994፣ በጂሮ ዲ ኢታሊያ ሁለተኛ፣ በቱር ደ ፍራንስ ሦስተኛ ወጣ። በጥቅምት 1995 በሚላን-ቶሪኖ ውድድር ቁልቁለት ላይ ከመኪና ጋር ተጋጭቶ የግራ እግሩ አጥንት ተሰበረ። ዳግመኛ አይወዳደርም ያሉ ነበሩ። እርሱ ግን ተመለሰና በ1998 ጂሮንም ቱርንም በአንድ ዓመት አሸነፈ። ከእርሱ በኋላ ይህን የደገመ እስከ 2024 ድረስ አልተገኘም።

ያን ዓመት ሐምሌ 27 ቀን በዝናብና በብርድ ገሊቢየ በሚባለው ተራራ ላይ ያደረገው ዛሬም ይወራል። ከመድረሻው በጣም ርቆ ብቻውን ወጣ፤ የቀደመውን ዓመት አሸናፊ ጀርመናዊውን ያን ኡልሪክን ወደ ዘጠኝ ደቂቃ በሚጠጋ ልዩነት ጥሎት ገባ። ተማሪዬ ያየው ቪዲዮ ይህ መሆን አለበት። እኔም ፈልጌ አየሁት፤ አልዋሽም፣ ደስ ይላል።

ይሁንና በዚያው ቱር ዋዜማ የፌስቲና ቡድን አገልጋይ የነበረ ሰው መድኃኒት የሞላ መኪና ይዞ በፈረንሳይና በቤልጂየም ድንበር ተይዞ ነበር። ከተያዘው ውስጥ ዋናው ኤሪትሮፖይቲን፣ በአጭሩ ኢፒኦ፣ የሚባለው ነው። ይህ ኩላሊታችን ራሱ የሚያመርተው፣ ቀይ የደም ሴል እንዲበዛ የሚያዝ ቅመም ነው። ሐኪሞች በፋብሪካ የተሠራውን ኩላሊቱ ለደከመ በሽተኛ ይሰጡታል። ጤነኛ ብስክሌተኛ ሲወጋው ደሙ ብዙ ኦክስጅን ስለሚሸከም ዳገቱ ይቀልለታል። ነገር ግን ደሙ ይወፍራል፤ የወፈረ ደም ይረጋል፤ ልብም ይጨነቃል። በዚያ ዘመን ኢፒኦን ራሱን ለይቶ የሚያሳይ ምርመራ አልነበረም። ስለዚህ የብስክሌቱ ዓለም አቀፍ ማኅበር በ1997 አንድ ወሰን አበጀ፤ ከደሙ ከ50 በመቶ በላይ ቀይ ሴል የሆነበት ወንድ ተወዳዳሪ «ለጤናህ» ተብሎ ለሁለት ሳምንት ይታገዳል። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ሕጉ መውሰድን ሳይሆን ከወሰን ማለፍን ነበር የሚቀጣው። ብዙዎች እስከ ወሰኑ ድረስ የተፈቀደ አድርገው ቆጠሩት።

ሰኔ 5 ቀን 1999 ጠዋት ማዶና ዲ ካምፒሊዮ በምትባለው የተራራ ከተማ የፓንታኒ ደም ተለካ፤ 52 ሆነ። ጂሮው ሊያልቅ የቀረው የሁለት ቀን ውድድር ብቻ ነበር፤ እርሱ አራት ዕለታዊ ድሎች ይዞ በሰፊ ልዩነት ይመራ ነበር። በፖሊሶች ታጅቦ ከሆቴሉ ወጣ። ሁለተኛ የነበረው ፓኦሎ ሳቮልዴሊ የመሪነቱን ሮዝ ማሊያ ለመልበስ እምቢ አለ።

ከዚያ ወዲያ የሆነው ባጭሩ ይህ ነው። ዐቃቤ ሕጎች በየከተማው ፋይል ከፈቱበት። በ1995 እግሩ በተሰበረ ጊዜ ሆስፒታል ውስጥ የተለካው ደሙ ከ60 በመቶ በላይ እንደነበረ ወጣ። አንድ ፍርድ ቤት ቀጣው፤ ይግባኝ ሰሚው ደግሞ በጊዜው ይህን ወንጀል የሚል ሕግ አልነበረም ብሎ ነፃ አወጣው። በ2000 ቱር ሁለት የተራራ ድል አገኘ፤ የመጨረሻዎቹ ነበሩ። ከዚያ ሌላ እገዳ መጣ፤ ከዚያም አደንዛዥ ዕፅ። የካቲት 14 ቀን 2004 ሪሚኒ ውስጥ በአንድ ሆቴል ክፍል ብቻውን ሞቶ ተገኘ። የገደለው የኮኬይን መመረዝ ነበር። ዕድሜው 34።

በ2013 የፈረንሳይ ምክር ቤት ይፋ ባደረገው ሰነድ ከ1998 ቱር ተቀምጠው የነበሩ ናሙናዎች ዳግም ሲመረመሩ ኢፒኦ ከተገኘባቸው መካከል የእርሱ እንዳለበት ታወቀ። የኡልሪክም እንዲሁ። እንግዲህ ተማሪዬ «ሁሉም» ያለው ከእውነት ብዙም አልራቀም።

ታዲያ ሁሉም ካደረገው? በሶሒሕ ሙስሊም የተዘገበውን የእህል ነጋዴ ታሪክ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ከተከመረ እህል ውስጥ እጃቸውን ቢያስገቡ ጣታቸው እርጥብ ነካ። ነጋዴው ዝናብ መትቶት ነው አለ። ታዲያ ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ አላደረግኸውም አሉት። ሌላው ነጋዴ ምን እንደሚያደርግ አልጠየቁትም። እኔን ይበልጥ የሚያሳዝነኝ ግን ደረቁ እህል ነው። ፓንታኒ ከልጅነቱ ዳገት የሚወጣበት ተሰጥኦ ነበረው፤ ያ ከመርፌ አልመጣም። ዛሬ ግን ከዚያ የገሊቢየ ቀን ስንቱ የእግሩ፣ ስንቱ የመርፌው እንደነበረ የሚለይ ሰው የለም። እርሱ ራሱም የሚያውቅ አይመስለኝም። እርጥቡ ደረቁንም አበላሸው። ክፍሌ ውስጥ ከጓደኛው ወረቀት የሚገለብጥ ተማሪም እንዲሁ ነው፤ 80 ቢያገኝ ስንቱን እንደሚያውቅ ከቶ አያውቀውም።

እዚህ ላይ ብቆም ጥሩ ነበር፤ ግን የራሴ ዕዳ አለብኝ። ከዓመታት በፊት ፈተና ላይ ሲኮርጅ የያዝኩት ልጅ ነበር። ወረቀቱን መቀማቴ ትክክል ነበር። በማግስቱ ግን ስሙን ጠርቼ በጓደኞቹ ፊት አቁሜ ብዙ ተናገርኩት፤ ክፍሉ ሳቀ፤ እኔም እየተማሩበት ነው ብዬ ቀጠልኩ። ልጁ ከዚያ ቀን ወዲህ ትምህርት ቤት አልተመለሰም። ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲሥ አስካሪ ጠጥቶ የተያዘ ሰው ከተቀጣ በኋላ ከሰዎቹ አንዱ አላህ ያዋርድህ ሲለው፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እንዲህ አትበሉ፣ ሸይጧንን በእርሱ ላይ አታግዙት ብለው ከልክለዋል። ይህን ሐዲሥ በመድረሳ ሳለሁ በቃሌ ይዤው ነበር። ቅጣቱ እንዳልቀረ ልብ በሉ፤ የቀረው ስድቡ ነው። የፓንታኒን መታገድ ማንም ፍትሐዊ ሰው አይነቅፍም። ከእገዳው በኋላ በየመንገዱና በየጋዜጣው የተጨመረበትን ሳነብ ግን የማስታውሰው ያንን ሳቅ ነው።

እናቱ ወይዘሮ ቶኒና የልጃቸውን አሟሟት ምርመራ እንዲደገም ለዓመታት ደጅ ጠንተዋል፤ በ2014 ፋይሉ እንደገና ተከፍቶም ነበር። ስለ ደሙ የሚሉትን ሁሉ መቀበል አልችልም፤ እናት መሆናቸውን ግን እረዳለሁ። የኔም ተማሪ እናት አንድ ጊዜ መጥተው ነበርና። በሩ ላይ ቆመው «ልጄ ሌባ አይደለም» አሉኝ፤ እኔም «ኮርጇል» አልኳቸው። ሁለታችንም እውነት ተናገርን፤ ግን አልተግባባንም።

ልጁ ዛሬ ትልቅ ሰው ሆኗል፤ ገበያ ውስጥ የጫማ ሱቅ ይሠራል። ለተማሪዬ ጥያቄ መልሱን ሳስብ ሰንብቼ ባለፈው ጁሙዓ ከሶላት በኋላ ወደ ሱቁ ሄድኩ። ሰላምታዬን መለሰልኝ፤ ወንበር አወጣልኝ። ይቅርታ ለመጠየቅ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ ከመሐሉ ያወጣሁት ሁለት ቃል ብቻ ነው። እርሱ «ኡስታዝ፣ ሻይ ይምጣ?» አለኝ። ጠጣን። የሚመጣው ሳምንት ደግሞ ያንን ብስክሌት ወዳድ ተማሪዬን አስጠርቼ መልሴን እጨርስለታለሁ፣ ኢንሻአላህ።