ለቤታችን፦ ፍሪጅ የሚጎዳው ጓዝ ሲነሳ ነው

በዚህ ዕትም የምንጨዋወተው ስለ ፍሪጅ ነው፤ የካርቱም ሰው ተላጃ ስለሚለው ዕቃ። «ለስደተኛ ደግሞ የምን ፍሪጅ?» የምትሉ አትጠፉም። ግን ዴምም ሆነ ጅሬፍ የኖርን ሁሉ እንደምናውቀው፣ ለብዙ ቤተሰብ ከዕቃ ሁሉ ውዱ እሱ ነው። ግንቦት ላይ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ የጠዋት ወጥ ማታ ይኮመጥጣል። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሳ ስንቶቻችን ቁልፍ ብቻ ይዘን ወጣን! ዛሬ ያገለገለ ፍሪጅ የሚገዛ አለ፣ ወደ ካርቱም ለመመለስ የሚያስብም አለ። ጓዝ ማንሳት መቼም አይቀርልንምና ከእሱ እንጀምር።

ሲጓጓዝ፦ ከአንድ ቀን በፊት ከሶኬት ንቀሉት፣ በረዶው ይቅለጥ፣ ውኃው ይጠረግ። መደርደሪያዎቹን አውጥታችሁ በጨርቅ ጠቅልሉ፣ በሩን በገመድ እሰሩ። በካሮም ይጫን በቦክስ፣ ቀጥ ብሎ ይቁም። ከኋላው ታች ያለችው ጥቁር ድብልብል ነገር ሞተሩ (ኮምፕሬሰሩ) ናት፤ ውስጧ ዘይት አለ። ፍሪጁ ሲጋደም ዘይቱ ወደ ቱቦዎቹ ይሄዳል። በዚያው ከተሰካ ሞተሩ ያለ ዘይት ሠርቶ ሊቃጠል ይችላል። ስለዚህ ቆሞ የመጣ ሁለት ሦስት ሰዓት፣ ተጋድሞ የመጣ ደግሞ እስከ 24 ሰዓት ቆሞ ይረፍ። ልጆች ቀዝቃዛ ውኃ ቢሉም ይታገሱ፤ የአንድ ቀን ትዕግሥት ከአዲስ ሞተር ዋጋ ይረክሳል።

ሲቀመጥ፦ ከፀሐይና ከከሰል ምድጃ ይራቅ። ከግድግዳውም አንድ ስንዝር ያህል ፈቀቅ ይበል። ከኋላው ያለው የሽቦ መረብ ሙቀት የሚያስወጣበት ነው። ሀቡብ አልፎ አቧራ ሲለብሰው ሙቀቱ መውጫ ያጣል፣ ሞተሩ አያርፍም፣ መብራት ይበላል። በየወሩ ነቅላችሁ በደረቅ ብሩሽ ጥረጉት።

ሲጸዳ፦ ውስጡን ለብ ባለ ውኃና በትንሽ ሶዳ እጠቡ። በረኪና ከሌላ ማጽጃ ጋር አትቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው። የበሩን ጎማ ለመፈተን ወረቀት አስገብታችሁ ዝጉና ሳቡት፤ በቀላሉ ከወጣ ቅዝቃዜው እያመለጠ ነው። በረዶን በቢላ መፈንቀል ግን ክልክል ነው። ቱቦው ከተበሳ ጋዙ ያልቃል፤ «አር 600ኤ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ፍሪጅ ጋዝ ደግሞ ተቀጣጣይ ነው።

መብራት ሲጠፋ፦ ከሶኬት ንቀሉት፤ መብራት ሲመለስ ኃይሉ ከፍ ዝቅ ስለሚል አሥር ደቂቃ ቆይታችሁ ሰኩት። በሩን አትክፈቱ። ተዘግቶ ከቆየ ፍሪጁ 4 ሰዓት ያህል ይይዛል፣ የሞላ ፍሪዘር እስከ 48 ሰዓት፤ በኛ ሙቀት ግን ከዚህ ያነሰ አስቡ። ሞቆ የቆየ ሥጋና ወተት ባይሸትም ለልጅ አይሰጥ። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ያለበት ቤት፣ ያልተከፈተው መድኃኒት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ ይቀመጥ፤ ከፍሪዘሩ ግን ይራቅ፣ በረዶ የያዘው ኢንሱሊን አይሠራም።

ፍሪጅ የሌለንስ? ትንሽ ማሰሮ በትልቅ ማሰሮ ውስጥ አስቀምጡ፣ መሐሉን አሸዋ ሞልታችሁ አርጥቡት፣ በእርጥብ ጨርቅ ክደኑት፣ ነፋስ ያለበት ጥላ ሥር ይሁን። ናይጄሪያዊው መምህር መሐመድ ባህ አባ በዚህ ሥራ የሮሌክስ ሽልማት አግኝቶበታል። ዳርፉር ውስጥም ተሞክሮ፣ በሁለት ቀን የሚበላሽ ቲማቲም ሃያ ቀን ያህል ቆይቷል። አሸዋውን ጠዋትና ማታ ማርጠብ ብቻ ነው።

በመጨረሻ አንድ አደራ፦ የተጣለ ፍሪጅ ሰፈር ውስጥ ካለ በሩን ነቅላችሁ ጣሉ። ድብብቆሽ የሚጫወት ሕፃን ገብቶ ከተዘጋበት አየር ያጥረዋል፣ ጩኸቱም አይሰማም። ዛሬውኑ ዞር ዞር ብለን እንይ።