የተቆጠረ ዳይፐር

ያንን ቅባት አሁንም ለሕፃናት እየሸጡት ነው። በዚህ ሳምንት አንድ ፋርማሲ ውስጥ ተራዬን ስጠብቅ ከፊቴ የቆመች ወጣት እናት «ልጄን ዳይፐር አቃጠለብኝ» አለች። ልጁ ገና አራት ወሩ ነው። ከባንኮኒው ወዲያ ያለው ባለሙያ ስንት ቀን እንደሆነው፣ የቀላው የትኛው ቦታ እንደሆነ አልጠየቃትም። ፀረ ፈንገስ፣ ፀረ ባክቴሪያና ስቴሮይድ አንድ ላይ የተቀላቀሉበትን ቅባት አውጥቶ «በቀን ሦስቴ» ብሎ ሰጣት።

ይህን ዓምድ የምትከታተሉ ከድብልቅ ቅባቶች ጋር ያለኝን ጠብ ታውቃላችሁ። ፊት ያቀላል ተብለው ሲቸበቸቡ ጽፌያለሁ፤ ላሳከከው ሁሉ ሲታደሉም ጽፌያለሁ። የሕፃን መቀመጫ ላይ ሲደርሱ ግን ነገሩ ከሁሉም ይከፋል። የሕፃን ቆዳ ስስ ነው፤ ዳይፐሩ ደግሞ ከላይ አፍኖ ይይዘዋል። እንደ ክሎቤታሶል ያለ ብርቱ ስቴሮይድ እዚያ ላይ ለሳምንታት ሲቀባ ቆዳውን ከማሳሳቱም በላይ ወደ ደም ገብቶ ሰውነቱ ራሱ የሚያመነጨውን ሆርሞን ሊያዳክም ይችላል። የልጁ ፊት ይሞላል፣ ቤተሰቡ «ወፈረልን» ብሎ ይደሰታል፣ ቁመቱ ግን ማደጉ ይዘገያል። ሐኪም አይቶ ለስለስ ያለውን ለጥቂት ቀን ቢያዝ ሌላ ጉዳይ ነው። ሳያዩ መሸጥ ግን በደል ነው።

«ታዲያ ምን ላድርግ፣ እትዬ?» አለችኝ ደጅ ላይ ሳስቆማት። የነገርኳትን ለእናንተም ልድገመው።

ቆዳውን የሚያቆስለው ሽንት ብቻውን አይደለም። ሽንትና ሰገራ ዳይፐር ውስጥ ሲገናኙ የሰገራው ባክቴሪያ ከሽንቱ አሞኒያ ያወጣል፤ አሞኒያው ደግሞ ሰገራ ውስጥ ያሉትን፣ ምግብ ለመፍጨት የተሠሩትን ኢንዛይሞች ያበረታቸዋል። እነሱም በእርጥበት የላላውን ቆዳ መፍጨት ይጀምራሉ። ስለዚህ ዋናው መድኃኒት ቶሎ መቀየር ነው። በለብታ ውሃ ማጠብ፣ ሳይፈትጉ ማድረቅ፣ ከዚያም ዚንክ ኦክሳይድ ያለበትን ቅባት ወይም ሽቶ የሌለውን ቫዝሊን ወፈር አድርጎ መቀባት። በየቅያሪው ቅባቱን ፈግፍጎ ማስለቀቅ አያስፈልግም፤ የቆሸሸውን አንስቶ ከላይ መደረብ ይበቃል። አልኮልና ሽቶ ያለበት ዋይፕስ የቆሰለ ቆዳ አይንካ። ፓውደርም ይቅር፤ ብናኙ ወደ ሕፃኑ ሳንባ ይገባል። ጆንሰን ኤንድ ጆንሰን እንኳ የታልኩን ፓውደር እ.ኤ.አ. በ2023 ከዓለም ገበያ አስወጥቷል፤ እኛ ግን ዛሬም አራስ ስንጠይቅ ፓውደር ይዘን እንሄዳለን።

በዚህ ሁሉ በሁለት ሦስት ቀን ካልተሻለው፣ ቅላቱ ብሽሽቱ እጥፋት ውስጥ ገብቶ ዙሪያውን ትንንሽ ነጠብጣብ ካወጣ፣ ይልቁንም ልጁ በቅርቡ አንቲባዮቲክ ወስዶ ከነበረ፣ ካንዲዳ የሚባለው ፈንገስ ሊሆን ይችላል። ለዚያ ክሎትሪማዞል ወይም ኒስታቲን ለብቻው ይበቃል፤ ስቴሮይድ የተቀላቀለበት አያስፈልግም። ውሃ ከቋጠረ፣ መግል ካለው ወይም ካተኮሰው ሐኪም ዘንድ ነው።

አየር ደግሞ ዋጋ አይጠየቅበትም። ልጅን በጠዋት ፀሐይ ማሞቅ የእናቶቻችን ልማድ ነው፤ ያኔ ዳይፐሩን አውልቃችሁ መቀመጫውን አየር አስመቱት።

«ዳይፐር ራሱ ነው በሽታው፣ ወደ ጨርቅ እንመለስ» የሚሉ አሉ። ብዙዎቹ ጨርቁን የሚያጥቡት እነሱ አይደሉም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ጨርቅ በደንብ ሳይለቀለቅ ይሰጣል፤ የቀረው ሳሙና ራሱ ቆዳውን ያቃጥላል። በጊዜው የተቀየረ ዳይፐር ከጨርቅ በተሻለ እርጥበቱን ከቆዳው ያርቃል።

በጊዜው የሚቀይረው ግን ማን ነው? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ፈቃድ ይሰጣል። ሽፍታው በብዛት የሚታየው ደግሞ ከ9 እስከ 12 ወር ባለው ዕድሜ ነው፤ ልጁ ምግብ ጀምሯል፣ እናቱ ሥራ ገብታለች፣ ቤት ያለችው ሞግዚቷ ናት። እዚህ ላይ የሚያንገበግበኝ ነገር አለ። በስንት ቤት ጠዋት ዳይፐር ተቆጥሮ ሲሰጥ አይቻለሁ! «ሦስት ነው ያስቀመጥኩልሽ፣ እስከ ማታ አድርሺው» ትባላለች። ልጁ ሲያራ ሦስተኛውን ብታወጣ ማታ ምን ልታደርግ ነው? ስለዚህ ታቆየዋለች። ማታ ልጁ ቀልቶ ሲገኝ «አትቀይሪውም እንዴ?» ብለው የሚቆጧት እነዚያው የቆጠሩባት ሰዎች ናቸው። ልጅቷ ብዙ ጊዜ ከገጠር የመጣች፣ ራሷም ገና ልጅ ናት፤ መልስ አትሰጥም። ፓኬቱ ላይ «እስከ 12 ሰዓት» ተብሎ የተጻፈውም ለቆጣሪው ማስረጃ ይሆነዋል። ዳይፐሩ ውስጥ ያለው ጄል ሽንት ይመጥ ይሆናል፤ ሰገራን ግን አይመጥም።

ዳይፐር መወደዱን አልክድም፤ ከሰፈር ሱቅ በፍሬ የምትገዛ እናት ፓኬት ክፍት አድርጋ አታስቀምጥም። ለእሷ የምለው፦ ቤት ውስጥ ቀን ቀን ልጁን ዳይፐር አውልቀሽ በታጠበ አሮጌ ነጠላ ላይ አስተኚው፤ ከሥሩ ላስቲክ ይነጠፍ፤ ዳይፐሩን ለመንገድና ለሌሊት አቆዪው። ሞግዚት ካለችም ይህንኑ ንገሪያት፤ ነጠላው ቢረጥብ እንደማትቆጪያት ጨምረሽ። ሌሊት ካራ ግን እስኪነጋ አይጠበቅም፣ ተነስቶ መቀየር ነው።