ካርታ ከደጅ ይጀመራል

ካርታ የምድር ሥዕል ነው፤ ሥዕል ሁሉ ግን ካርታ አይደለም። ሥዓሊ ያማረውን መርጦ ይሥላል፤ ካርታ ሠሪ ግን ያለውን ሁሉ በልኩና በስፍራው ያኖራል። ስለዚህ ካርታ መሥራት ከእጅ ብልሃት አስቀድሞ እውነተኛነትን ይፈልጋል።

ብዙ ተማሪ መልክዐ ምድር ሲማር የዓለምን ካርታ ከመጽሐፍ ይገለብጣል። ባሕሩን ሰማያዊ፥ ምድሩን አረንጓዴ ይቀባል፤ የሩቅ አገር ወንዞችንም በቃሉ ይቈጥራል። እናቱ ውሃ የምትቀዳበት ምንጭ ከትምህርት ቤቱ በየት በኩል እንደ ሆነ ቢጠይቁት ግን ዝም ይላል። እንዲህ ያለ ተማሪ ቀለም መቀባትን እንጂ ካርታን አልተማረም። ትምህርቱ ከደጁ ሊጀመር ይገባል።

የመንዝ ልጅ ለዚህ ትምህርት ብዙ ገንዘብ አያስፈልገውም። ማለዳ ተነሥቶ ፊቱን ወደ ፀሐይ መውጫ ቢያዞር ምሥራቅ በፊቱ፥ ምዕራብ በኋላው፥ ሰሜን በግራው፥ ደቡብ በቀኙ ይሆናሉ። ከዚያ በኋላ ከቤቱ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ እርምጃውን ይቍጠር። መቶውን እርምጃ በወረቀቱ ላይ በአንድ ጣት ስፋት ይወክል፤ ይህ የካርታው ልክ ነው። ምንጩን፥ ባሕር ዛፉን፥ ቦረቦሩን፥ የእግር መንገዱን እየሄደና እየለካ በየስፍራቸው ያኑር። ያላየውንና ያልጠየቀውን ግን አይጨምር።

ካርታው እውነተኛ መሆኑ የሚታወቀው ሌላ ሰው ሲሄድበት ነው። ወረቀቱን ያን ሰፈር ለማያውቅ ጓደኛው ይስጠው። ጓደኛው ማንንም ሳይጠይቅ ከምንጩ ከደረሰ ሥራው መልካም ነው። ሠሪው ቦረቦሩን ረስቶ መንገዱን ቀጥ አድርጎ ሥሎት እንደ ሆነ ግን ጓደኛው አህያውን እየነዳ ከገደል አፋፍ ላይ ይደርሳል፤ ጉም በወረደበት ቀን ከሆነም ይወድቃል። የአፍ ስሕተት ተናጋሪው በዚያው ሳለ ሊታረም ይችላል፤ በወረቀት የተሠመረ ስሕተት ግን ሠሪው በሌለበት ሰውን ያስታል።

የደጁን ካርታ የሠራ ልጅ ሌላ ሰው የሠራውንም ለማንበብ ይችላል። ከመንዝ ጫፍ ሆኖ ወደ ምዕራብ ለሚመለከት ሰው የመርሐ ቤቴ ምድር በእጅ የሚነካ ይመስለዋል። በመካከሉ ግን ጥልቅ ሸለቆ አለ፤ ቁልቁለቱን ወርዶ ወንዙን ተሻግሮ ዳገቱን እስኪወጣ ድረስ መንገደኛው ይደክማል። በካርታ ላይ አምሳ ሺህ ጊዜ ያነሰ ምድር ቢሣል ሁለት ሳንቲ ሜትር አንድ ኪሎ ሜትር ነው። ነገር ግን ይህ እንደ ወፍ በረራ እንጂ እንደ እግር አይደለም። ስለዚህ አዋቂ አንባቢ የከፍታ መስመሮችን ይመለከታል፤ መስመሮቹ ተቀራርበው ከታዩ ገደል፥ ተራርቀው ከታዩ ሜዳ ነው። ርቀቱን ብቻ አንብቦ የተነሣ ሰው ፀሐይ በሸለቆው ውስጥ ትጠልቅበታለች።

ካርታ ዓይን የማያየውንም ያሳያል። በመንዝ ምሥራቅ ባለው የተራራ ሰንሰለት ላይ ሁለት የዝናም ነጠብጣቦች ጎን ለጎን ይወድቃሉ። ወደ ምሥራቅ የወረደው ወደ ይፋት ቆላ ወርዶ ከአዋሽ ጋር ይቀላቀላል፤ አዋሽም ከባሕር ሳይደርስ በአፋር ምድር ይቀራል። ወደ ምዕራብ የወረደው በጀማ በኩል ወደ ዓባይ ገብቶ ሱዳንንና ግብፅን አቋርጦ ወደ ሜድትራኒያን ባሕር ይሄዳል። የመንዝ ልጅ በካርታ ላይ ጣቱን አስከትሎ የደጁ ውሃ የት እንደሚደርስ ሲያውቅ፥ አገሩ ከዓለም ጋር የተያያዘ መሆኑን ያስተውላል።

አንዳንድ ሰው፦ እረኛ ሁሉ አገሩን ያውቃል፤ ካርታ ለምን ይጠቅመዋል? ይላል። የእረኛ ዕውቀት ታላቅ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን በልብ ብቻ ያለ ዕውቀት ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል። በካርታ ላይ የሠፈረ እንደ ሆነ ግን አገሩን ላላየ እንግዳና ገና ላልተወለደ ልጅ ይተርፋል።

ለዚህም ምስክር አለ። እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ1450 ገደማ ፍራ ማውሮ የሚባል የቬኒስ መነኵሴ የዓለምን ካርታ ሠራ። ኢትዮጵያን በዓይኑ አላያትም። ስለዚህ ከዚያው የተወለዱ ካህናትን ጠየቀ፤ እነርሱም አውራጃዎቹን፥ ከተሞቹን፥ ወንዞቹንና ተራሮቹን ከነስማቸው በእጃቸው እንደ ሣሉለት ራሱ በካርታው ላይ ጽፏል። ዓባይና አዋሽ በዚያ ካርታ ላይ ይገኛሉ። የቬኒሱ ሊቅ ብዙ መጻሕፍት ነበሩት፤ የኢትዮጵያን ምድር ግን በእግራቸው የሄዱበት ሰዎች አስተማሩት። ከ500 ዓመት በኋላም፥ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ1970፥ ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም የኢትዮጵያን አትላስ አሳተሙ።

ዛሬ በሰማይ የሚዞሩ ሳተላይቶች ምድርን ፎቶግራፍ ያነሣሉ፤ በስልክም ካርታ ይታያል። አንዳንድ ተማሪ ይህን አይቶ ትምህርቱን ቢተው ተሳስቷል። ሳተላይት ወንዙን ያያል፥ ስሙን ግን አያውቅም፤ መንገዱን ያያል፥ በክረምት ሙላት የትኛው መሻገሪያ እንደሚዘጋ ግን አይናገርም። ይህን የሚያውቅ በዚያ የሚኖር ሰው ነው። እርሱ ካልጻፈው ሌላው ባልሆነ ስም ይጽፈዋል።

እንግዲህ የመንዝ፥ የግሼና የመርሐ ቤቴ ተማሪ አስቀድሞ የደጁን ምንጭ በእርምጃው ለክቶ ይሣል። ስሙን ሽማግሌዎችን ጠይቆ በጥንቃቄ ይጻፍ፤ የተጠራጠረውንም ተመልሶ ሄዶ ይመልከት። በትንሹ ወረቀት ላይ ታማኝ የሆነ ልጅ አንድ ቀን የአገሩን ካርታ ቢሠራ መንገደኛ ያለ ፍርሃት ይሄድበታል።