ዋዜማና ማግስት የሌለው ጦርነት

ዛሬ የማነሳው ጉዳይ ከዕለቱ የፖለቲካ ወሬ የራቀ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ እስከ መጨረሻው ከታገሣችሁኝ ከእኛም ደጃፍ እንደሚደርስ አሳያችኋለሁ።

ለትምህርት እንግሊዝ አገር በነበርኩበት ዘመን፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ በአንዲት ትንሽ ከተማ የሕዝብ አዳራሽ ውስጥ በጥቃቅን የወታደር ምስሎች የሚካሄድ የጦርነት ጨዋታ ለማየት ገባሁ። በሰፊ ጠረጴዛ ላይ ሣር የለበሰ ሜዳ ተሠርቷል። ከሜዳው ጀርባ እንደ ተኛ አንበሳ የሚመስል ተራራ ቆሟል፤ ከሥሩ ነጫጭ ድንኳኖችና የክብሪት ሣጥን የሚያካክሉ የበሬ ጋሪዎች ተደርድረዋል። ቀይ ኮት የለበሱት የእንግሊዝ ወታደሮች ቁመታቸው 28 ሚሊ ሜትር ነው። በወዲያኛው ጠርዝ የዙሉ ሠራዊት ተሰልፏል፤ የእያንዳንዱ ክፍለ ጦር ጋሻ በራሱ ቀለም ተለይቶ ተቀብቷል። ቦታው ኢሳንድልዋና ነው፤ ቀኑ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 22 ቀን 1879። አንድ ጡረታ የወጡ መምህር በታላቅ ትሕትና ቀርበው፣ «እርስዎ አፍሪካዊ ስለሆኑ ዙሉዎቹን ቢይዙልን ደስ ይለናል» አሉኝ። ያዝኩ። ሦስት ሰዓት ያህል ዳይስ ስወረውር ቆየሁና አሸነፍኩ። አጨበጨቡልኝ፤ እጄን ጨበጡኝ። ከዚያም ወታደሮቹን እያነሱ ስፖንጅ ወደተነጠፈባቸው ሣጥኖች ይመልሱ ጀመር። እኔም «ቀጥሎስ?» ብዬ ጠየቅሁ። መምህሩ ግር ብሏቸው አዩኝና፣ «ቀጥሎማ ጨዋታው አለቀ» አሉኝ።

ይህ መልስ እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልወጣም።

ይህን የምጽፈው በእነዚያ አዛውንቶች ለመሳለቅ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። የማርቲኒ ሄንሪን ጠመንጃ፣ የዙሉን የጎሽ ቀንድ አሰላለፍ፣ የየክፍለ ጦሩን ስም ከብዙ የታሪክ ምሩቃን በተሻለ ያውቃሉ። ጥያቄዬ በዕውቀታቸው ላይ ሳይሆን ዕውቀታቸው በተከለለበት አጥር ላይ ነው። ጠረጴዛው ጠርዝ አለው፤ ጨዋታው ሰዓት አለው። የቅኝ ግዛት ጦርነት ግን በጠረጴዛው ላይ ከሚታየው አስቀድሞ ይጀምራል፤ ዳይሱ ከተሰበሰበም በኋላ ይቀጥላል።

ዋዜማውን እንመልከት። በደቡብ አፍሪካ የእንግሊዝ ከፍተኛ ኮሚሽነር የነበረው ሰር ባርትል ፍሬር፣ የለንደን መንግሥት አዲስ ጦርነት እንደማይፈልግ እያሳሰበው፣ ዲሴምበር 11 ቀን 1878 ለዙሉው ንጉሥ ለሴችዋዮ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ አስተላለፈ። ንጉሡ የአገሩ ሥርዓት የቆመበትን የጦር አደረጃጀት በ30 ቀን ውስጥ እንዲያፈርስ ታዘዘ። ይህ ማንም ንጉሥ ሊፈጽመው የማይችል ትእዛዝ ነበር፤ የተጻፈውም እንዳይፈጸም ታስቦ ነው። የጊዜ ገደቡ ሲያልቅ፣ ጃንዋሪ 11 ቀን 1879፣ የጄኔራል ቼልምስፎርድ ጦር ወንዝ ተሻግሮ ገባ። በጠረጴዛው ላይ ግን ዙሉዎቹ «አጥቂ»፣ ቀይ ኮቶቹ «ተከላካይ» ተብለው ተጽፈዋል። በአንድ ቀን ሚዛን ከታየ እውነት ነው። በአንድ ወር ሚዛን ከታየ ግን ነገሩ ይገለበጣል።

ማግስቱስ? በኢሳንድልዋና 20,000 የሚያህል የዙሉ ጦር ከ1,300 በላይ የጠላት ወገን ገደለ። ከእነዚህ ውስጥ ከ400 በላይ የሚሆኑት ለእንግሊዝ የተሰለፉ አፍሪካውያን ነበሩ። ከዙሉም ቢያንስ 1,000 ያህል ወደቀ። ድሉ ታላቅ ነበር። ነገር ግን ጁላይ 4 ቀን 1879 ቼልምስፎርድ በተጠናከረ ኃይል፣ በመድፍና በጋትሊንግ መትረየስ፣ ኡሉንዲ ላይ የዙሉን ጦር ሰብሮ የንጉሡን መናገሻ አቃጠለ። ሴችዋዮ በኦገስት ተይዞ ተጋዘ፤ ግዛቱም ለ13 አለቆች ተከፋፈለ። ከክፍፍሉ የርስ በርስ እልቂት ተወለደ። በ1887 አገሩ በይፋ ወደ እንግሊዝ ግዛት ተጠቃለለ። በ1906 ደግሞ በናታል በአዋቂ ወንዶች ላይ የተጣለው የ1 ፓውንድ የነፍስ ወከፍ ግብር ያስነሳው አመፅ ከ3,000 በላይ አፍሪካውያን ተገድለውበት አበቃ። እኔ በዚያ ቅዳሜ ያሸነፍኩት እንግዲህ የትኛውን ጦርነት ነበር?

የሲኒማውም ነገር ከዚህ አይለይም። በ1964 የወጣው «ዙሉ» የተሰኘው ፊልም በዚያው ጃንዋሪ 22 በሮርክስ ድሪፍት የተደረገውን ውጊያ ያሳያል፤ 150 ያህል ወታደሮች ከ3,000 የማያንሱ ዙሉዎችን መክተው 11 የቪክቶሪያ መስቀል ሜዳሊያ አገኙ። በፊልሙ መጨረሻ ዙሉዎቹ ለጠላቶቻቸው የክብር ሰላምታ ሰጥተው ይሄዳሉ። ይህ አልሆነም። የሆነው፣ ውጊያው ካበቃ በኋላ በሜዳው ላይ ቆስለው የወደቁ ዙሉዎች መገደላቸው ነው። ተመልካች ሰላምታውን ይዞ ይወጣል፤ የቁስለኞቹ ደም ከታሪኩ ውጭ ይቀራል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላል የአገራችን ሰው። እኔ የምጨምረው፣ የወጋው ሲረሳ አብዛኛውን ጊዜ ጥሩ ትርዒት አዘጋጅቶ ነው።

ትርዒቱ አንዳንዴ የጦርነቱ ደም ሳይደርቅ ይጀምራል። አሜሪካዊው ዊልያም ኮዲ፣ በቅጽል ስሙ ባፋሎ ቢል፣ የጄኔራል ከስተር ጦር በሊትል ቢግሆርን ከተደመሰሰ ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ጁላይ 17 ቀን 1876፣ አንድ የሻየን ጦረኛ ገደለ። በዚያ ዕለት የለበሰው የመድረክ ልብሱን ነበር። በዚያው ዓመት መኸር ግድያውን በመድረክ ላይ ይተውነው ጀመር። በ1885 የላኮታው መሪ ሲቲንግ ቡል ራሱ በኮዲ ትርዒት ለአንድ ወቅት ዞረ፤ በዲሴምበር 1890 ሊያስሩት በመጡ ፖሊሶች ተገደለ። ከሁለት ሳምንት በኋላ በውንድድ ኒ ከ150 የማያንሱ ላኮታዎች፣ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት፣ ተጨፈጨፉ። ኮዲ በ1913 መኸር ወደዚያው ስፍራ ተመልሶ፣ ላኮታዎችን አሰልፎ፣ ጡረተኛውን ጄኔራል ኔልሰን ማይልስን ጨምሮ ጭፍጨፋውን እንደ ውጊያ በፊልም ቀረጸው። በዚያው 1913 በእንግሊዝ አገር ደራሲው ኤች ጂ ዌልስ የአሻንጉሊት ጦርነት ደንቦችን የያዘ መጽሐፍ አሳተመ፤ ሰው ከእውነተኛው ጦርነት ይልቅ በአሻንጉሊት ቢዋጋ ይሻለዋል ብሎም ተከራከረ። ሐሳቡ የደግ ሰው ሐሳብ ነው። ዓለም ግን በዓመቱ የአንደኛውን የዓለም ጦርነት ጀመረች።

እኛም ከሣጥኑ አልቀረንም። ብሪቴንስ የተባለው የእንግሊዝ አሻንጉሊት ሠሪ ኩባንያ ዙሉዎችን በእርሳስ ቀርጾ ሲሸጥ ከኖረ በኋላ፣ ፋሺስት ጣሊያን አገራችንን በወረረችበት ዘመን የንጉሠ ነገሥቱን ክብር ዘበኛና የአበሻ ጦረኞችን ለገበያ አቀረበ። አባቶቻችን በ1928 ዓ.ም. በመርዝ ጋዝ ሲቃጠሉ፣ ምስላቸው በልጆች ምንጣፍ ላይ ይሰለፍ ነበር።

አንዳንድ ወገኖች «ጨዋታ ጨዋታ ነው፤ ምን ያህል ይከበዳል?» ሊሉኝ ይችላሉ። ሰው ታሪክን የሚያውቀው ባነበበው ብቻ ቢሆን ኖሮ እኔም እስማማ ነበር። አብዛኛው ሰው ግን ስለ ጦርነት የሚያውቀው ያየውንና የተጫወተውን ነው።

ይህን ካልኩ ዘንዳ ወደ ቤታችን ልግባ። በየዓመቱ የካቲት 23 ቀን ወጣቶቻችን ጎፈር ደፍተው፣ ጋሻና ጦር ይዘው፣ እየፎከሩ አደባባይ ይወጣሉ። እኔም እወጣለሁ፤ ፉከራው ሲሰማ ደሜ ይሞቃል። ዓድዋ የጥቁር ሕዝብ ሁሉ ኩራት መሆኑን የሚጠራጠር አንባቢ ያለኝ አይመስለኝም። ሆኖም በክፍል ውስጥ ተማሪዎቼን፣ «ከድሉ በኋላ በጥቅምት 1889 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ምን ተፈረመ?» ብዬ ስጠይቅ ክፍሉ ጸጥ ይላል። የውጫሌ ውል ተሽሮ የኢትዮጵያ ነጻነት የታወቀበት፣ ኤርትራ ግን በጣሊያን እጅ የቀረችበት ውል ነው። የዚያ መስመር ዕዳ ምን ያህል ትውልድ እንዳስከፈለን ለእናንተ መንገር አያሻኝም። ከ40 ዓመት በኋላም ወራሪው በዚያው በር ተመልሶ ገባ።

ዋዜማውም እንዲሁ ተረስቷል። ሠራዊቱ የዘመተው ከብቱን በሽታ ከጨረሰበት ከክፉ ቀን ገና ካላገገመ አገር ነበር። ያን ያህል ሕዝብ በየመንገዱ የበላው የገበሬውን ጎተራ ነው፤ ከሁሉም በላይ የትግራይን ገበሬ። በምርኮ የተያዙ በመቶዎች የሚቆጠሩ አስካሪዎች ደግሞ ቀኝ እጃቸውንና ግራ እግራቸውን ተቆረጡ። የእነዚህን ሰዎች ቦታ የሚይዝ ተዋናይ በአደባባያችን አይቼ አላውቅም። እኛ የምንጣላው ማን የት አደባባይ ይቁም በሚለው ነው፤ በ2015 ዓ.ም. በዓሉ በምኒልክ አደባባይ በአስለቃሽ ጭስ እንደተበተነ እናስታውሳለን።

ለምን ይህን ሁሉ አነሳለሁ? በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በሰሜን ጦርነት ሲጀመር፣ በየካፌው በወረቀት ላይ ቀስት እየሣልን ጦር ያንቀሳቀስን ምሁራን ጥቂት አልነበርንም። እኔም ከመካከላቸው ነበርኩ፤ በሳምንታት ያልቃል ብዬ ለባልደረቦቼ አስረድቻለሁ። ሁለት ዓመት ፈጀ። በዚያ ወረቀት ላይ ገበሬ አልነበረም፤ ጎተራ አልነበረም፤ ማግስት አልነበረም። በእንግሊዝ አዛውንቶች ጠረጴዛ ላይ ያየሁትን አጥር በራሴ ወረቀት ላይ አላየሁትም። እነርሱ ቢያንስ ወታደሮቻቸው እርሳስ መሆናቸውን ያውቃሉ።

ስለዚህ ትርዒቱ ይቅር አልልም፤ ይሙላ እላለሁ። ኢሳንድልዋናን የሚጫወት ሰው ከመጀመሪያው ዳይስ በፊት የፍሬርን ማስጠንቀቂያ፣ ከመጨረሻው በኋላ ኡሉንዲንና የግብሩን ዓመት ያንብብ። በየካቲት 2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተከፈተው የዓድዋ ድል መታሰቢያን የሚጎበኝ መምህር ለተማሪዎቹ የጥቅምቱን ውል ይዞላቸው ይሂድ። በአደባባዩም ከፎካሪዎቹ ኋላ ባዶ ስልቻ የተሸከመች አንዲት ገበሬ ትለፍ። የድሉ ክብር በዚህ አይቀንስም፤ ምን እንደተከፈለበት ይታወቃል እንጂ። ዋጋውን የሚያውቅ ትውልድ ደግሞ ነጋሪት በተጎሰመ ቁጥር ከመጨፈሩ በፊት «ቀጥሎስ?» ብሎ ይጠይቃል።

ቸር ይግጠመን።