የኢርፎኗ ቀዳዳ ጣጣ

ዛሬ ከባድ ከባዱን ጉዳይ ለሌሎች ትቼ አውራ ጣት ስለምታክል የፕላስቲክ ዕቃ ላወራችሁ ነው። በአንድ ጎኗ ላፕቶፕ ላይ ትሰካለች። በሌላው ጎኗ ሁለት ቀዳዳ አላት፤ አረንጓዴው ለኢርፎን፣ ሮዙ ለማይክ። ለማያውቃት ሰው ፍላሽ ትመስላለች። ስሟ ግን ዩኤስቢ ሳውንድ ካርድ ነው። «ይቺ ደግሞ ምን የሚወራ ነገር አላት?» ማለታችሁ አይቀርም። እኔም እንደናንተው እል ነበር፤ አንድ ሰው እስኪያመልጠኝ ድረስ።

የጋዜጠኝነት ተማሪ ሳለሁ ነው። ለመመረቂያ ሥራዬ ፍኖተ ሰላም ተመልሼ አንድ አዛውንት ጋ ሄድኩ። ከተማችን «ወጀት» ትባል የነበረበትን ዘመን ከአባቶቻቸው እየሰሙ ያደጉ፣ በልጅነታቸው አኩፋዳ አንግተው ከቅኔ ቤት ቅኔ ቤት የዞሩ ሰው ናቸው። ጎጃም መቼም የቅኔ አገር ነው። ስመ ጥር ከሆኑት ሦስት የቅኔ ቤቶች ሁለቱ፣ ዋሸራና ጎንጅ፣ እዚሁ እኛው ጋ ናቸው (ሦስተኛው ዋድላ ነው፤ የወሎ ልጆች እንዳትቆጡ)። ሁለት ሰዓት ሙሉ አወሩልኝ። ውሻ ሲያባርራቸው፣ የለመኑትን ቁራሽ ሲካፈሉ፣ መምህሩ ሲገስጿቸው... በመሀል በመሀሉ ቅኔውን ያዜሙታል። ሰምና ወርቁን ይፈቱታል። እኔ እስቃለሁ፣ እሳቸው ይስቃሉ።

ስልኬ ሞልቶ ስለነበር የምቀዳው በአሮጌ ላፕቶፕ ነው። ከጓደኛዬ የተዋስኩትን የደረት ማይክ ሰክቼዋለሁ። የላፕቶፑ ቀዳዳ አንድ ብቻ ነው፤ ማይኩ ከገባ ለኢርፎን የሚሆን ቦታ የለም። ስለዚህ የምቀዳውን እየሰማሁ አልነበረም። ስክሪኑ ላይ መስመሯ ከፍ ዝቅ ስትል እያየሁ «በቃ ገብቷል» ብዬ ተማመንኩ።

ማታ ቤት ገብቼ ስከፍተው ዝዝዝዝዝ! ከሥሩ እንደ ንብ ቀፎ የሚጮህ ነገር አለ። ከላዩ ደግሞ ቀዳዳው ላልቶ ኖሮ፣ ሰውየው በተነቃነቁ ቁጥር ቋ! ጯ! ይላል። ወሬው እንደ ምንም ይሰማል። ቅኔው ግን የለም። ምክንያቱ ቀላል ነው። ፊደላችን ማጥበቅና ማላላትን አይጽፍም። «አለ» ብላችሁ ጻፉ፤ ሲላላ «ተናገረ» ነው፣ ሲጠብቅ «ይገኛል» ነው። ወረቀቱ ላይ ሁለቱም አንድ ናቸው፤ የሚለያቸው የሰው አፍ ነው። የቅኔ ሰው ደግሞ ሰሙንና ወርቁን ብዙ ጊዜ የሚሸሽገው እዚያችው ስንጥቅ ውስጥ ነው። እኔ የቀዳሁት ድምፅ ላይ ያቺ ስንጥቅ በ«ዝዝዝ» ተሞልታለች።

ከወራት በኋላ እንደገና ልቀዳቸው ስሄድ አርባቸው ወጥቶ ነበር።

ላፕቶፑን የዚያኑ ሰሞን ወደ አንድ ጠጋኝ ወሰድኩት። ገለበጠው፣ አየው፣ «ሙሉ ቦርዱ ሳይፈታ አይሆንም፤ ከተፈታ በኋላም ዋስትና የለኝም» አለኝ። ዋጋውን ሲነግረኝ ፊቴን አይቶ መሰለኝ መሳቢያውን ከፈተና ያቺን ዕቃ አወጣ። «ምን አለፋሽ እታለም፣ ይችን ሰክተሽ ተገላገይ።» ዋጋዋ ከነገረኝ የጥገና ሒሳብ ጋር አይወዳደርም። እዚያው ሰካኋት፣ እዚያው ሠራች። በጣም ተናደድኩ። ከጥቂት ወራት በፊት ነበረቻ!

እስቲ ምን እንደምትሠራ በአጭሩ። ከማይክ የሚወጣው ኤሌክትሪክ እጅግ ደካማ ነው፤ የቮልት ሺህኛ ነው የሚባለው። ኮምፒውተር ደግሞ የሚያውቀው ቁጥር ብቻ ነው። ሳውንድ ካርድ ያንን ደካማ ሞገድ እየለካ ወደ ቁጥር ይቀይራል፤ ወደ ኢርፎን ሲሆን ደግሞ ቁጥሩን መልሶ ሞገድ ያደርገዋል። ላፕቶፕም የራሱ ሳውንድ ካርድ አለው። ችግሩ የሚኖርበት ሰፈር ነው፤ ጎረቤቶቹ ፕሮሰሰሩ፣ ማራገቢያውና የኃይል መስመሩ ናቸው። እነሱ ሲንጫጩ ደካማው የማይክ ሞገድ መካከል ገብቶ ይቀበላል። ትንሿ ዕቃ የምታደርገው ነገር ቢኖር ልወጣውን ከሰፈሩ አውጥታ ውጭ መጨረስ ነው። በብዛት የምትገኘው ዓይነት ድምፅን በሰከንድ እስከ 48,000 ጊዜ፣ በ16 ቢት ትለካለች። ለሰው ንግግር ይህ ከበቂም በላይ ነው።

ሌላው የምወድላት ነገር ድራይቨር አለመጠየቋ ነው። የዩኤስቢ የድምፅ ዕቃዎች የጋራ ደንብ ከወጣ ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቆይቷል። ደንቡን ጠብቃ የተሠራች ከሆነች ዊንዶውስም ሆነ ሊኑክስ እንደተሰካች ያውቃታል። አዲስ አበባ ላለ አንባቢ ይህ ምንም ላይመስል ይችላል። እኛ ግን ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ለብዙ ወራት የሞባይል ኢንተርኔት የተቋረጠብን ክልል ልጆች ነን። በዚያ ጊዜ «ይህን አውርደህ ጫን» የሚል ዕቃ የገዛ ሰው ካርቶኑን ይዞ ይቀመጥ ነበር። ሰክተኸው የሚሠራ ዕቃ ምን ማለት እንደሆነ ያኔ ነው የገባኝ።

ግን ደላላ እንዳልመስል ጉድለቷንም ልናገር። አንደኛ፣ ኃይሏን የምትወስደው ከዚያው ከላፕቶፑ ነው፤ 5 ቮልት። ስለዚህ የኃይሉ ብጥብጥ ተከትሏት ሊመጣ ይችላል። በተለይ ቻርጀሩ ከተሰካና የቤቱ ሶኬት ኧርዝ ከሌለው (የስንቶቻችን ቤት አለው?) ያ የንብ ቀፎ ድምፅ ይመለሳል። መፍትሔው ነፃ ነው፦ ስትቀዱ ቻርጀሩን ንቀሉት። እኔ በዚያ ቀን ነቅዬው ቢሆን ኖሮ ግማሹን ዝዝታ እገላገል ነበር። ማንም አልነገረኝም፤ አራት ዓመት ተምሬ!

ሌላው የማይኩ ጫፍ ነው። የመሰኪያው ብረት ላይ ያሉትን ቀለበቶች ቁጠሩ። ሁለት ከሆኑ ሮዟ ቀዳዳ ትቀበለዋለች። ሦስት ከሆኑ የስልክ ማይክ ነው፤ ሮዟ ቀዳዳ ላይ ብትሰኩት ድምፅ አይገባም፣ መለያያ ኬብል ይፈልጋል። ይህን ሳያውቅ «ዕቃዋ ሞታለች» ብሎ የመለሰ ስንት ሰው አለ መሰላችሁ። ባለ ሦስት እግር ወፍራም መሰኪያ ያለውን የስቱዲዮ ማይክ ደግሞ ጭራሽ አትሞክሩት፤ ለእሱ የተሠራ ሌላ ማሽን አለ። ካርቶኗ ላይ «7.1» የሚል ካያችሁ አትደነቁ። ሁለት ጆሮ፣ አንድ ኢርፎን፤ የቀረው ድምፅ ከየት እንደሚመጣ የጻፈው ሰው ያውቃል።

ስልክ ላይም ያው ታሪክ ነው። የኢርፎን ቀዳዳ የሌላቸው ስልኮች ከመጡ ወዲህ ሁላችንም የታይፕ ሲ መለወጫ እንገዛለን። አንዱ ይሠራል፣ አንዱ አይሠራም፤ ሻጩም «ስልክሽ ነው» ይላል። ነገሩ ወዲህ ነው። አንዳንዶቹ በውስጣቸው ራሷን የቻለች ሳውንድ ካርድ አላቸው። ሌሎቹ ባዶ ሽቦ ናቸው፤ ስልኩ ራሱ ለዚያ ካልተሠራ ድምፅ አያወጡም። ከመክፈላችሁ በፊት እዚያው ሱቁ በር ላይ ሰክታችሁ ስሙ። ሻጩ ቢያጉረመርም ያጉረምርም።

«በስልክ አትቀጅም እንዴ?» የሚለኝ ጓደኛ አለኝ። ልክ ነው። ጥሩ ስልክ አፍ አጠገብ ከተያዘ ከብዙ ላፕቶፕ ይሻላል፤ አልከራከርም። እኔን የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ወደዚህ ሥራ መግባት የሚፈልግ ጓደኛዬ ሁሉ «ስቱዲዮ ሳገኝ» ይላል። መብራት የሚያበራ ማይክ ፎቶ ስልኩ ላይ አስቀምጦ፣ ለእሱ ብር እያጠራቀመ ሁለት ዓመት ይቆያል። በየመሥሪያ ቤቱ ደግሞ «ድምፅ የለውም» የተባለ ደህና ኮምፒውተር ጥግ ላይ አቧራ ይጠጣል። የሞተው ቀዳዳው እንጂ ኮምፒውተሩ አይደለም። በዚህ መካከል ሽማግሌዎቻችን ስቱዲዮው እስኪሠራ አይጠብቁንም።

አንድ ሰው «ወጋየሁ ንጋቱ ፍቅር እስከ መቃብርን በሬዲዮ የተረከው ስቱዲዮ ውስጥ ነው» ሊለኝ ይችላል። እውነት ነው። ወጋየሁ ካረፈ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖት ዛሬም ሚኒባስ ውስጥ ሲከፈት ሰው ዝም ብሎ የሚያዳምጠው ተሰጥኦው ብቻ አይደለም፤ ድምፁ ንጹሕ ሆኖ መቀረጹም ነው። የጎጃምን አነጋገር በእሱ አፍ ስሰማ የሐዲስ ዓለማየሁን ገጸ ባሕርያት አጠገቤ የተቀመጡ ያህል ነው። እኛ ያ ስቱዲዮ የለንም። ጋቢ ግን አለን። ሁለት ጋቢ ግድግዳ ላይ ስትሰቅሉ የክፍሉ ማስተጋባት ምን ያህል እንደሚቀንስ ሞክሩት። ዶሮውን ግን አስቀድማችሁ ከግቢ አስወጡ፤ ለእሱ እስካሁን የተገኘ መሣሪያ የለም።

ባለፈው እሑድ አያቴ ጋ ገጠር ወረድኩ። ላፕቶፑ ያው አሮጌው ነው፤ ቻርጀሩ ተነቅሏል፣ ዕቃዋ ተሰክታለች። ማይኩ ሮዟ ላይ፣ ኢርፎኑ አረንጓዴዋ ላይ። ይህን ጊዜ የሚገባውን እየሰማሁ ነው የቀዳሁት። መቀነቷ ማይኩን ሲፈትገው ሰማሁና አስቁሜ ወደ ላይ ከፍ አደረግሁት። ስለ ሠርጓ ጠየቅኋት። በበቅሎ የመጣችበትን መንገድ፣ ሚዜዎቹ የዘፈኑትን፣ አማቷ የተናገሯትን ነገረችኝ (አማቷ የተናገሯትን እዚህ አልጽፍም)። ሲያልቅ ኢርፎኑን ጆሮዋ ላይ አድርጌ ከፈትኩላት። ጥቂት አዳመጠችና ፊቷን አጨማደደች።

«አንች ልጅ፣ ይች አሮጊት ማን ናት? ወሬ ታበዛለች!»