«መጋራት» ሲሉ ማጠር ማለታቸው ነው? ስለ ሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻ ለወዳጄ የተጻፈ

ባለፈው ሰሞን አንድ የልጅነት ጓደኛዬ ከሐዋሳ ደወለልኝ። የጀልባ ቀዘፋ ክለብ ሊያቋቁሙ ነው። ለጀልባ ማስቀመጫ፣ ለልብስ መቀየሪያና ወደ ውሃው መውረጃ የሚሆን ቦታ ይፈልጋሉ። ስለዚህ በሐይቁ ዳርቻ ካለው የሕዝብ መናፈሻ አንዱን ጥግ «ለመጋራት» ማመልከቻ እያዘጋጁ ነው።

«አንተ ጋዜጠኛ ነህ፤ አንድ የድጋፍ ጽሑፍ ጣል አድርግልን» አለኝ። እሺ አልኩት። ይኸው ጻፍኩ። የጠበቀው ግን ይህን አይመስለኝም።

በመጀመሪያ የምንስማማበትን ላስቀምጥ። ክለቡ ያስፈልጋል። ጣና፣ አባያ፣ ጫሞ፣ ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ ሐዋሳ እያልን ሐይቅ የምንቆጥር ሕዝብ፣ ከውሃ ጋር ያለን ዝምድና ዳር ቆሞ ፎቶ ከመነሣት ብዙም አላለፈም። እ.ኤ.አ. በ2016 በሪዮ ኦሊምፒክ ዋናተኛችን ሮቤል ኪሮስ በ100 ሜትር ነፃ ቀዘፋ ሲወዳደር ዓለም ሳቀበት፤ እኛም አብረን ሳቅን። መጠየቅ የነበረብን ሌላ ነበር፦ በዚህ አገር የድሃ ልጅ ከውሃ ጋር የሚለማመደው የት ነው? ወዳጄ ለዚህ ጥያቄ አንድ መልስ ይዞ መጥቷልና አከብረዋለሁ።

ጭቅጭቃችን የሚጀምረው «መጋራት» ከምትለው ቃል ላይ ነው።

በከተሞቻችን መጋራት እንዴት እንደሚጀምርና የት እንደሚያልቅ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በመጀመሪያ አንድ ኮንቴይነር ይቀመጣል። ቀጥሎ «ለንብረት ደኅንነት» ሲባል ሽቦ ይዞረዋል። ሽቦው ወደ ቆርቆሮ ይለወጣል። በሩ ላይ ጥበቃ ይቆማል። «ክለቡ ገቢ ያስፈልገዋል» ይባልና ካፌ ይከፈታል። ካፌው ካለ ደግሞ ዝም ብሎ መግባት የለም፤ ትኬት ይመጣል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። በየትኛውም እርምጃ ላይ ክፉ ሰው ላይኖር ይችላል። እያንዳንዱ እርምጃ ለብቻው ሲታይ ምክንያት አለው። ድምሩ ግን ትናንት ልጆቿን ይዛ ሣር ላይ የምትቀመጠው እናት ዛሬ ከአጥር ውጭ መሆኗ ነው።

ማስረጃ የሚፈልግ ቢሾፍቱ ይውረድ። ኩሪፍቱንም ባቦጋያንም ይዙር። ቡና ሳይገዛ፣ የመግቢያ ሳይከፍል ውሃው ዳር የሚደርስባቸውን ቦታዎች ይቁጠር። ሐይቁ አለ፤ ዳርቻው ግን በአብዛኛው ከሆቴልና ከመኖሪያ ግቢ ጀርባ ነው። አንድ ቀን ተነሥቶ «ሐይቁን እወስዳለሁ» ያለ ሰው አልነበረም።

ሐዋሳ ገና እዚያ አልደረሰችም። ለዚህ ነው አሁን የምጮኸው። ሳይቃጠል በቅጠል።

የሐዋሳን ዳርቻ የሚያውቅ ሰው ባዶ መሬት እንዳልሆነ ያውቃል። ጠዋት አሞራ ገደል ላይ አሣ አስጋሪው ከሌሊት ጀምሮ የሠራበትን ይዞ ይወጣል። አሣ የሚያጸዱ ወጣቶች፣ ጥሬ አሣ በዳጣ የሚበላ እንግዳ፣ ቅንጥብጣቢ የሚጠብቅ አባ ኮዳ፣ ሁሉም እዚያው ነው። አመሻሽ ላይ ፍቅር ሐይቅ የተማሪው፣ የፍቅረኛሞቹ፣ የቆሎ ሻጩና የጡረተኛው ነው። ጉዱማሌ ደግሞ ፍቼ ጨምበላላ የሚከበርበት ነው፤ በዓሉ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ ተመዝግቧል። ይህ ሁሉ ሕዝብ ማኅተም የለውም፤ ማመልከቻም አይጽፍም። ክለብ ግን ማኅተም አለው። ቢሮ ውስጥ ባለ ማኅተሙ ብቻ ሲታይ፣ ዳርቻው «ማንም የማይጠቀምበት ቦታ» ተብሎ ይጻፋል።

አንድ ሌላ ጉዳይም አለ፤ ወዳጄ ያሰበበት አልመሰለኝም። ቀዘፋ የረጋ ውሃ ይፈልጋል፤ የረጋ ውሃ የሚገኘው ማለዳ ነው። አሣ አስጋሪው ሌሊት ያሳደረውን መረብ የሚያነሣውም ማለዳ ነው። የስምንት ሰው የውድድር ጀልባ ርዝመቱ ከ17 ሜትር ያላነሰ ነው፤ ቀዛፊዎቹም ፊታቸውን ወደ ኋላ ሰጥተው ነው የሚቀዝፉት። ከኋላቸው የአሠልጣኙ የሞተር ጀልባ ማዕበል እያስነሣ ይከተላል። መረቡ ቢቀደድ ማን ይከፍላል? የዕለት እንጀራው ያ መረብ የሆነ ሰው በዚህ ጉዳይ ተጠይቋል? ስጠይቀው ወዳጄ ዝም አለ።

ሕጉ ምን ይላል? የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬትና የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992ም የአገሪቱን ውሃ የኢትዮጵያ ሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት ያደርገዋል። «የሕዝብ ነው» የሚለው ቃል ግን በወረቀት ላይ ብቻ አጥር አያፈርስም። እ.ኤ.አ. በ1869 የኢሊኖይ ምክር ቤት በቺካጎ ፊት ለፊት ያለውን የሚሺጋን ሐይቅ ወለል ለአንድ የባቡር ኩባንያ ሰጥቶ ነበር። በ1892 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ መንግሥት ይህን ሀብት ለሕዝብ በአደራ የያዘው ስለሆነ እንዲህ አሳልፎ ሊሰጠው አይችልም አለ። አደራ! ይህን ቃል እኛ ከማንም በላይ እናውቀዋለን። አደራ የተቀበለ ሰው ዕቃውን አያከራይም፤ አይሸጥም።

«ታዲያ ክለቡ ይቅር እያልክ ነው?» የምትሉ ትኖራላችሁ። አይደለም። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት ሲያትል፣ በግሪን ሌክና በዋሽንግተን ሐይቅ ዳርቻ በሕዝብ መናፈሻ ውስጥ ቀዘፋ ይሰጣል። ፕሮግራሙን የሚመራው የከተማው የመናፈሻ መሥሪያ ቤት ነው፤ ማንም ነዋሪ መመዝገብ ይችላል። እዚያ ጀልባው ወደ መናፈሻው ሲገባ፣ መናፈሻው የክለብ ግቢ አልሆነም።

የወዳጄ ጠንካራ መከራከሪያ ይህ ነበር፦ «መናፈሻው ቆሽሿል፣ ተረስቷል፤ እኛ እናጸዳዋለን፣ እንጠብቀዋለን።» እውነት አለው። ነገር ግን የቆሸሸ መናፈሻ የሚያስፈልገው መጥረጊያና በጀት ነው፤ አዲስ ባለቤት አይደለም። ጎረቤቴ ግቢዬን ስለጠረገልኝ አመሰግነዋለሁ እንጂ ካርታዬን አልሰጠውም።

ስለዚህ ድጋፌ በቅድመ ሁኔታ ነው። ከመጀመሪያው ጀልባ በፊት የሚከተለው ይጻፍ፤ በአደባባይም ይነበብ።

1. አጥር የለም። ጀልባው ብቻ ይቆለፍበታል፤ ሣሩና ዳርቻው አይዘጋም።

2. ካፌ፣ ድንኳን ኪራይ፣ የመኪና ማቆሚያ የሚባል ነገር አይከተልም።

3. የማለዳው ሰዓትና የመቅዘፊያው መስመር ከአሣ አስጋሪዎች ጋር በስምምነት ይወሰን። ለተቀደደ መረብ ክለቡ ይክፈል።

4. በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን የመንግሥት ትምህርት ቤት ልጆች በነፃ ይሠልጥኑ፤ ዋናና የሕይወት አድን ጃኬት ጭምር።

5. ውሉ የጊዜ ገደብ ይኑረው። አንዱ ነጥብ ከተጣሰ ያለ ካሣ ይፍረስ።

ይህን ለወዳጄ በስልክ ሳነብለት «አምስተኛው ከብዷል፤ ገንዘብ የሚሰጠን ሰው አይገኝም» አለኝ። ሊሆን ይችላል። ግን ገንዘቡን የሚሰጠው ሰው መሬቱ እንደማይመለስ ዋስትና ከፈለገ፣ የሚፈልገው ቀዘፋውን ነው ወይስ ዳርቻውን?

እኔና እሱ ዋና የተማርነው እዚያው ሐይቅ ላይ ነው። ከፍለን አይደለም። የከለከለን ጥበቃ አልነበረም፤ ያባረረን ቢኖር እናታችን ብቻ ነበረች። ማመልከቻውን ሲያስገባ ይህን አብሮ ያስገባ። አምስቱን ነጥቦች ከተቀበለ የመጀመሪያው የድጋፍ ፈራሚ እኔ ነኝ። ካልተቀበለም የመጀመሪያው ተቃዋሚ እኔው ነኝ፤ ጓደኝነታችን እንዳለ ሆኖ።